የአያት የዋንዛ ቁምሳጥን ወይስ አዲስ ኤምዲኤፍ?

ቤቴ ውስጥ ሁለት ቁምሳጥን አለ። አንዱ ከአያቴ የወረስኩት ዋንዛ ነው። ሌላው እዚሁ ደብረ ብርሃን የገዛሁት ኤምዲኤፍ። «የቱን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እኔም መልሼ እጠይቃለሁ፦ ቤቱ የራስህ ነው የኪራይ?

ጥያቄው ዝም ብሎ አይደለም። ኤምዲኤፍ ማለት የላመ እንጨት በሙጫ ተጨፍልቆ ነው። ብሎን አንዴ ይይዛል፣ ሁለቴም ይይዛል። የኔው ሁለተኛ ቤት ስቀይር ተፈቶ ሲገጠም ብሎኑ ቀዳዳው ውስጥ ዝም ብሎ ዞረ። አሁን በሩ የሚዘጋው በታጠፈ ወረቀት ነው። ዋንዛው ደግሞ አይፈታም። አራት ጎረምሳ ተሸክሞት ወጣ፤ አዲሱ ቤት በር ላይ ግን ቀጥ አለ። የበሩን መቃን አስነቅለን ነው ያስገባነው፤ አከራዬ እስከዛሬ አልረሱትም።

ስለ አየሩ ትንሽ ልበል፣ እኛ ሀገር ዋናው እሱ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ክረምቱ እርጥብ፣ በጋው ደረቅ ነፋስ። እውነተኛ እንጨት ከአየሩ ጋር ያብጣል፣ ይሰበሰባል። የመጀመሪያው ዓመት ነሐሴ ላይ የዋንዛው መሳቢያ አልከፈት አለኝ። ጋቢው ደግሞ ውስጥ ነው! በንዴት አናጢ ጠራሁ። ሽማግሌው በጣታቸው ጠርዙን ዳሰሱና፣ «ልጄ፣ አብጦ ነው እንጂ አልተበላሸም። መላጊያ እንዳታስነኪው። አሁን ከተላገ በጋ ላይ ይላላል» አሉኝ። መሳቢያው የሚንሸራተትበት ላይ ሻማ ቀቡት። ጥቅምት ላይ እንደ ቅቤ ተከፈተ።

ኤምዲኤፍ በአየር እንዲህ አይቀያየርም። መሳቢያው በሐዲድ ነው የሚሄደው፣ የልብስ ማንጠልጠያውም በልኩ ይገባል። ጠላቱ ውሃ ነው። ቤት ሲወለወል እግሩ ከራሰ እንደ ዳቦ ያብጣል፣ ቢደርቅም አይመለስም። የግድ ከገዛችሁት ከወለሉ ከፍ አድርጉት።

ወደ ሸዋ ሮቢት ስትወርዱ ደግሞ ጨዋታው ሌላ ነው። ሙቀት አለ፣ ምስጥ አለ። ምስጥ ኤምዲኤፍንም አይምርም። እዚያ ለምትኖሩ ጥድ ካገኛችሁ ጥድ እላለሁ፤ ምስጥን በደንብ የሚቋቋም እንጨት ነው። ያም ሆኖ ከግድግዳው አንድ ስንዝር አርቁት፣ የጭቃ መስመር ሲጀምር እንዲታያችሁ።

ዋጋው? ደህና አሮጌ ዋንዛ ከአዲስ ኤምዲኤፍ ሊበልጥ ይችላል፤ አትደንግጡ። በ1986 የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛን፣ ጥድን፣ ዝግባንና ኮሶን ከመንግሥት ደን መቁረጥ ከልክሎ ነበር። ሰፊ የዋንዛ ጣውላ እንደ ልብ አይገኝም። ለዚህም ነው ኮምፔርሳቶ ቀለም ተቀብቶ «የአያት ዋንዛ» ተብሎ የሚሸጠው።

ስለዚህ ከመክፈላችሁ በፊት መሳቢያውን ሙሉ በሙሉ አውጡት። ውስጡ ቀለም አልተቀባም፣ እውነቱ እዚያ ነው። የጠርዙን አቆራረጥ እዩ፦ ንብብር ከሆነ ኮምፔርሳቶ ነው። የእንጨቱ መስመር ከላይ ወደ ጠርዙ ከቀጠለ ጣውላ ነው። የመርፌ ራስ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ካሉ በጡጫ መታ መታ አድርጉት። ትኩስ ዱቄት ከረገፈ ነቀዙ ውስጥ አለ፣ ጥላችሁት ሂዱ። ዱቄት ከሌለ የድሮ ቁስል ሊሆን ይችላል፤ እኔ ብሆን ዋጋ አስቀንሼ እወስደዋለሁ። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የላላ ማጠፊያ፣ የተላጠ ቫርኒሽ አያሳስባችሁ። ማንኛውም አናጢ ይሠራዋል። የኤምዲኤፉን ያበጠ እግር ግን የሚሠራልኝ እስካሁን አላገኘሁም።

ሜትር መያዝ አትርሱ። ቁምሳጥኑን ብቻ ሳይሆን የቤታችሁን በርም ለኩ።