ስካሎፕ፣ መስል ወይስ ኦይስተር? ለውኃ ገንዘብ እንዳትከፍሉ

ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር እንስሳ በእምነታችሁ የማትበሉ ከሆነ ይህ ጽሑፍ እናንተን አይመለከትም። ማንበቡ ግን ጾም አያስገድፍም። አሜሪካ የዓሣ መደብር ገብታችሁ ከዛጎል ለበሶቹ የቱን ልውሰድ ለምትሉ ነው የምጽፈው።

በስካሎፕ ልጀምር፤ ገንዘብ የሚበላው እሱ ነው። ስካሎፕ ሁለቱን ክዳኖቹን እያጨበጨበ ይዋኛል። በጠርዙ ዙሪያ እስከ 200 የሚደርሱ ጥቃቅን ዓይኖችም አሉት። የምንበላው ያንን ዛጎል የሚከፍትና የሚዘጋውን ጡንቻ ነው። ለዚህም ነው ሥጋው ድፍን ያለው፤ ጣዕሙ ደግሞ ጣፋጭ ነው።

ስትገዙ "ድራይ" (ደረቅ) የሚለውን ፈልጉ። "ዌት" (እርጥብ) የሚባለው ፎስፌት የሚባል ኬሚካል በገባበት ውኃ የተዘፈዘፈ ነው። ውኃውን ይመጥጣል፣ ክብደቱ ይጨምራል፣ እናንተ ትከፍላላችሁ። እኔም አንዴ ቅናሽ አገኘሁ ብዬ ወስጄ መጥበሻዬ ኩሬ ሆኖብኛል። ሊጠበስ የገባው ተቀቅሎ ወጣ! በዓይን ለመለየት፣ ዌቱ በረዶ የመሰለ ነጭ ሆኖ ያብለጨልጫል። ድራዩ ወደ ክሬም ወይም ወደ ሮዝ ያደላል። መለያው ላይ 10/20 ካለ በአንድ ፓውንድ ከ10 እስከ 20 ፍሬ ይገባል ማለት ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ፍሬው ይተልቃል። በደንብ አድርቃችሁ በጋለ መጥበሻ በየጎኑ 2 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። ቤይ ስካሎፕ የሚባለው ትንሹ ዘር ለፓስታ ይሆናል።

ሻጩ ድራይ መሆኑን እርግጠኛ ካልሆነ እኔ ስካሎፑን ትቼ መስል አስመዝናለሁ። ጥቁሩ ዛጎል ማለት ነው። ዋጋው በጣም ይቀንሳል። አብዛኛው ክብደቱ ዛጎል ስለሆነ ግን ለአንድ ሰው አንድ ፓውንድ ያዙ። የሚሸጠው ከነሕይወቱ ነው። ከፍቶ ካገኛችሁት መታ አድርጉት፤ ካልዘጋ ሞቷል፣ ጣሉት። ጢሙን፣ ማለትም ከዛጎሉ የሚወጣውን ክር መሰል ነገር፣ ነቅላችሁ በነጭ ሽንኩርት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ክዳን ገጥማችሁ ከ5 እስከ 7 ደቂቃ አብስሉ። መረቁን በዳቦ እያጠቀሱ መብላት ነው።

ክላም የሚባለው ሌላው ባለ ሁለት ክዳን ዛጎል ለበስም እንደዚሁ ይበስላል፤ አሸዋው እንዲወጣ ግን መጀመሪያ ጨው ባለው ውኃ ይዘፍዘፍ።

ዛጎሉ ሸካራ የሆነውን ኦይስተርን ለጀማሪ አልመክርም። ብዙው ሰው ጥሬውን ነው የሚበላው፤ ሎሚም ሆነ የሚያቃጥል ድልህ ባክቴሪያውን አይገድልም። ነፍሰ ጡር ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ጥሬውን ጨርሶ አይንካው። ሽሪምፕ ሰውነቱ የማይቀበለው ደግሞ ከእነዚህ አንዱንም ከመቅመሱ በፊት ሐኪም ይጠይቅ።

መስል፣ ክላምና ኦይስተር ከነሕይወታቸው ሲመጡ የትና መቼ እንደተሰበሰቡ የተጻፈበት ካርድ አብሯቸው ይመጣል። ሻጩን አሳየኝ ብትሉት ነውር የለውም።