የሞተር ሳይክል የፊት ጥርስ ከ14 ወደ 13፦ በደሴ ዳገት ከሰኔ እስከ መጋቢት

የምነዳው ህንድ ሠራሽ 150 ሲሲ ሞተር ነው። ስገዛው የፊት ጥርሱ (ካቴናው የሚዞርበት፣ ሞተሩ ጋ ያለው ባለ ጥርስ ክብ ብረት) 14 ጥርስ፣ ጎማው ላይ ያለው የኋላው 42 ነበር። ሰኔ ላይ የፊቱን አውጥቼ 13 አስገባሁ። ክረምቱን በጭቃ፣ በጋውን በአቧራ ነዳሁበት። አሁን መጋቢት ነው። ደሴና አካባቢዋ ለሚነዳ ሰው ይህን ያህል በትንሽ ብር ሞተርን የሚለውጥ ሌላ ነገር አላገኘሁም።

ሒሳቡ ቀላል ነው። 42ን ለ14 ስታካፍሉ 3 ይመጣል። የፊቱ ጥርስ ሦስቴ ሲዞር የኋላው ጎማ አንዴ ይዞራል ማለት ነው። በ13 ግን 3.23 ይሆናል። ልዩነቱ 8 በመቶ ገደማ ነው። ጎማው ላይ የሚደርሰው ጉልበት በዚያ ልክ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ይቀንሳል። ቀድሞ 60 በሚያስኬደኝ የሞተር ዙር አሁን 56 አልሞላም። ሸክም የያዘ ሰው ዳገት ላይ እርምጃውን እንደሚያሳጥር ማለት ነው።

ይህ ለምን አስፈለገ? ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ባሕር ጠለል ላይ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ብቻ ነው። ካርቡሬተር ያለው ትንሽ ሞተር ደግሞ የሚሠራው በሚስበው አየር ልክ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የፈረስ ጉልበት እዚህ ሙሉውን አይገኝም። ማርሹ ግን ሙሉ ጉልበት እንዳለው ሆኖ ነው የተሠራው።

ሐረጎን፣ በኮምቦልቻና በደሴ መካከል ያለውን ጠመዝማዛ ዳገት፣ የሚያውቅ ይህን ያውቃል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሰው ጭኜ ስወጣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ ይታፈን ነበር። ወደ ሁለተኛ ስመልሰው ይጮኻል። መሀል ላይ የሚሆን ማርሽ አልነበረም። ከፊት ሲኖትራክ እየተጎተተ ከሆነማ ጠመዝማዛውን ሙሉ ጭሱን እየማግኩ መከተል ነው። አሁን ሦስተኛው ማርሽ ዳገቱን ይዞ ይወጣል። ወደ ኩታበር ባለው መንገድም፣ ኮረኮንችና ጭቃ ላይ፣ ፍሪሲዮን በግማሽ ይዞ መሄድ በጣም ቀንሷል። የፍሪሲዮን ሸራ ስንት እንደሚጠይቅ ለሚያውቅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ያልጠበቅኩት ጥቅም ቁልቁለቱ ላይ መጣ። ጋዝ ስለቅ ሞተሩ ራሱ ከበፊቱ በተሻለ ይይዘኛል። ሐረጎን ስወርድ የኋላ ፍሬን ላይ ተንጠልጥዬ አልወርድም። በዝናብ ቀን ይህ ትልቅ ሰላም ነው።

ሜዳ ላይ ግን ዋጋ ያስከፍላል። ከኮምቦልቻ በሐርቡ አድርጌ ከሚሴ ስሄድ ሞተሩ ሌላ ማርሽ እየጠየቀ ይጮኻል፤ አምስተኛው ግን የመጨረሻው ነው። 80 ላይ ንዝረቱ እጅ ያደነዝዛል። ቤንዚንም በዚያ መንገድ ትንሽ ይጨምራል። ከተማ ውስጥ አንደኛ ማርሽ በጣም አጭር ስለሆነ ገና ከመነሳቴ ወደ ሁለተኛ መቀየር አለብኝ። ፍጥነት ቆጣሪዬ ከፊት ጎማ በገመድ ስለሚሠራ አልተዛባም። የእናንተ ከማርሽ ሳጥን የሚነዳ ከሆነ ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያችኋል።

ተመሳሳይ ለውጥ ከኋላም ይገኛል። 42ቱን በ45 ብትቀይሩ 3.21 ይመጣል፣ ከ13ቱ ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል። ግን የኋላው ጥርስ ውድ ነው፤ ካቴናውም ሊያጥር ይችላል። የፊቱ ርካሽ ነው፤ ካልተስማማችሁም አሮጌውን መመለስ ነው። በኔ ሞተር ላይ የግራውን ሽፋን ማውጣት፣ ሁለት ትንንሽ ቡሎን መፍታት፣ የኋላውን አክስል አላልቶ ጎማውን ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ መሳብ ብቻ ነው። ስትገዙ አሮጌውን ጥርስ ይዛችሁ ሂዱ። የመሀል ቀዳዳውና የካቴናው ቁጥር (የኔ 428 ነው) ካልገጠመ ብራችሁ ባከነ።

ስለ ብረቱ ጥራት ጠንከር ብዬ ልናገር። መጀመሪያ የገዛሁት 13 ክረምቱ ሳያልቅ ጥርሱ እንደ መንጠቆ ጎበጠ። ለስላሳ ብረት ነበር። ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ዋጋውም እጥፍ ገደማ ነበር፤ እስካሁን ጥርሱ ቀጥ እንዳለ ነው። ትንሽ ጥርስ ካቴናውን አጥብቆ ስለሚያጥፈው መበላቱ አይቀርም፤ ስለዚህ ዘይት መቀባቱንና ማጽዳቱን ማብዛት ግድ ነው። ካቴናው የኋላውን ጎማ ከያዘው ሹካ የላይኛው ፕላስቲክ ጋር እንዳይፋተግም እዩት፤ ጥርሱ ሲያንስ ካቴናው ወደዚያ ይጠጋል።

አዲስ ጥርስ በተለጠጠ ካቴና ላይ አታስገቡ። አዲስ 428 ካቴና ወጥሮ ሲለካ 20 ዘለላው 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ ይጣል። ያረጀ ካቴና አዲሱን ጥርስ በወራት ውስጥ ይጨርሰዋል።

ደሴ፣ ኩታበር፣ ወይም ተመሳሳይ ደጋ ውስጥ ሰውና ጭነት እየጫናችሁ የምትነዱ ከሆነ 13ን ያለማመንታት አስገቡ። ውሏችሁ ከኮምቦልቻ ወደ ከሚሴ ወይም ወደ ባቲ ከሆነ 14ን አትንኩት። ሁለቱንም ለሚያመላልስ ደግሞ የፊቱን 14 ትቶ ኋላ 44 ማስገባት መሀል ላይ ያስቀምጠዋል፤ 3.14 ይሆናል። እኔ የኋላው ጥርስና ካቴናው አብረው ሲያልቁ የምሞክረው እሱን ነው።