ቴራፒ በአካል ወይስ በቪዲዮ? ሁለቱንም ያየሁ ሰው አስተያየት

ቴራፒ (ከሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር በመነጋገር የሚደረግ ሕክምና) ለመጀመር ያሰበ ወዳጅ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይሄንኑ ነው። «በአካል ልሂድ ወይስ ቤቴ ሆኜ በቪዲዮ?» እኔ ከአንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ ጋር መጀመሪያ በአካል፣ በኋላ ሥራ ከተማ ሲያስቀይረኝ ደግሞ በቪዲዮ ቀጥያለሁ። ባለሙያዋ ያችው፣ ጉዳዬም ያው። የተቀየረው መገናኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ልዩነቱን በደንብ አይቼዋለሁ። አቋሜን ከአሁኑ ልናገር፦ የምትችሉ ከሆነ በአካል ጀምሩ።

የሄድኩት እናቴ ካረፈች በኋላ ነው። እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ነበር። ከወንድሜ ጋርም ተኳርፈናል። ክፍሉ ውስጥ ሁለት ወንበሮች አሉ። ፊት ለፊት አልተፋጠጡም፣ ትንሽ ወደ ጎን ዞር ብለዋል። ዓይኗን ማየት ስፈልግ አያለሁ፣ ካልፈለግኩ መስኮቱን አያለሁ። ሶፍቱ እጄ በሚደርስበት ቦታ ተቀምጧል። አንድ ቀን መሀል ላይ አቋረጠችኝና «የወንድምህ ስም በተነሳ ቁጥር ቀኝ እግርህ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ብለኸዋል?» አለችኝ። ጭራሽ አላወቅኩትም ነበር። ለሐዘን ብዬ የመጣሁት ሰውዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ንዴት ማውራት ጀመርኩ። እውነተኛው ሥራ የተጀመረውም ያኔ ነው።

ቪዲዮ ላይ እግር የለም። ካሜራው የሚያሳየው ከትከሻ በላይ ነው። በርቀት ስንጀምር ራሷ «ኮምፒውተሩን ራቅ አድርገው፣ እጆችህ እና ጉልበቶችህ ይታዩኝ» አለችኝ። ይሄንን ነገር ማንም ቢሞክረው እመክራለሁ። ፊት ብቻ እያዩ ማውራት ጠባብ ነው።

ከሁሉም በላይ የከበደኝ ግን ዝምታው ነው። ክፍሉ ውስጥ ዝም ስል ዝምታዬ የራሱ ክብር አለው። ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። እኔም እየተጠበቅኩ እንደሆነ አውቃለሁ። ቪዲዮ ላይ ዝም ስንል ግን ሁለታችንም ኔትወርኩን መጠርጠር እንጀምራለን። «ትሰማኛለህ?» ትላለች። እሰማታለሁ፣ ግን ሊመጣ የነበረው ቃል ሄዷል። በኋላ ተስማማን። ዝም ማለት ስፈልግ እጄን ደረቴ ላይ አደርጋለሁ። እጄን ካየች መስመሩ አልተቋረጠም ማለት ነው። ነገሩ ቀላል ነው፣ ግን ብዙ ረድቶናል።

ሌላው አድካሚ ነገር የራስን ፊት እያዩ ማልቀስ ነው። በ2021 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲው ተመራማሪ ጄረሚ ቤይለንሰን የቪዲዮ ስብሰባ ለምን እንደሚያደክም ሲያብራራ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ራስን ሲያዩ መዋል ነው። የራሳችሁን ምስል የሚደብቅ ማስተካከያ አለ። ከመጀመሪያው ቀን ተጠቀሙበት።

ቤቱ ራሱስ? ስለ ትዳሩ ሊያወራ የፈለገ ሰው ሚስቱ ከግድግዳው ማዶ ካለች ምን ያህል ይናገራል? እኔ ድምፄን ዝቅ ሳደርግ ሐሳቤም አብሮ ዝቅ ይላል። ስለዚህ የቆመ መኪና ውስጥ ሆኜ መነጋገር ጀመርኩ። ብዙ ሰው እንደዚህ ያደርጋል፣ አያሳፍርም። ማዳመጫ ማድረግ ደግሞ ግዴታ ነው። በአካል ስሄድ የነበረው የመመለሻ መንገድም ናፍቆኛል። 50 ደቂቃ ሙሉ ሆዴን ገልብጬ ወጥቼ በእግሬ ስመለስ ነገሩ ይረጋጋል። ቪዲዮው ሲዘጋ ግን ወዲያው የቤት ሥራ፣ ወዲያው ስልክ ነው። አሁን ከጨረስኩ በኋላ ሩብ ሰዓት ለማንም አልሰጥም። ወጣ ብዬ እራመዳለሁ።

ይህን ሁሉ ብዬም ቪዲዮውን አልጥለውም። ለምን መሰላችሁ? በእናቴ ላይ ቂም እንደነበረኝ የተናገርኩት በቪዲዮ ነው። ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ ተመልሷል። ርቀቱ እፍረቴን ቀነሰልኝ። የሥነ ልቦና ትንተና መሥራቹ ፍሮይድም ታካሚዎቹን ሶፋ ላይ አስተኝቶ እሱ ከኋላቸው ይቀመጥ ነበር። ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያፈጥበት መዋል እንደማይችልም ጽፏል። ፊት ለፊት አለመተያየት ለዚህ ሙያ አዲስ ነገር አይደለም። በአሜሪካ ነብራስካ ደግሞ ገና በ1959 ሐኪሞች በቴሌቪዥን መስመር የቡድን ሕክምና ሞክረዋል። ለድብርትና ለጭንቀት በቪዲዮ የሚሰጠው የንግግር ሕክምና በአካል ከሚሰጠው ጋር የተቀራረበ ውጤት እንዳለው ብዙ ጥናቶች ያሳያሉ። አንዳንዴም ቤት መሆን ራሱ ጥቅም አለው። እጁን መታጠብ ማቆም ያቃተው ሰው ሳይታጠብ መቆየትን ከባለሙያው ጋር መለማመድ ያለበት የራሱ መታጠቢያ ፊት ቆሞ ነው። ችግሩ ያለው እዚያ ነውና።

በጨዋታ ለሚታከም ትንሽ ልጅ ግን ስክሪን አልመርጥም። ቤቱ ውስጥ የሚያስፈራራው ሰው ላለበትም እንዲሁ። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ሰው ደግሞ ቀጠሮ መጠበቅ የለበትም፣ ዛሬውኑ በአካል ሐኪም ይየው። ጥሩ የርቀት ባለሙያ በመጀመሪያው ቀን «አሁን የት ነህ? አንድ ነገር ቢፈጠር ለማን ልደውል?» ብሎ ይጠይቃል። ካልጠየቀ እኔ እጠራጠራለሁ። የሙያ ፈቃዱንም አጣሩ። በብዙ አገር ፈቃዱ የሚታየው እናንተ ባላችሁበት ቦታ ነው፣ ባለሙያው በተቀመጠበት ብቻ አይደለም።

በጽሑፍ መልእክት ብቻ የሚሠራ አንድ አገልግሎትም ሞክሬ ነበር። መልሱ ይዘገያል፣ ባለሙያው ይቀያየራል፣ ታሪኬን እንደ አዲስ መናገር ሰለቸኝና ተውኩት።

ኮቺንግ፣ ማለትም ግብ ላይ ለመድረስ የሚያግዝ ምክክር፣ ሌላ ነገር ነው። የሥራ ጉዳይ ላይ አንድ ኮች ይዤ ነበር። ለዚያ ቪዲዮ ከበቂ በላይ ነው። ዕቅዴን ስክሪኑ ላይ ከፍተን አብረን እናርማለን። ከአለቃዬ ጋር የማደርገውን ንግግር አስቀድመን እንለማመዳለን። ግን ተጠንቀቁ። በአብዛኛው አገር «ኮች ነኝ» ለማለት ፈቃድ አያስፈልግም። በ1995 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የኮቺንግ ፌዴሬሽን የምስክር ወረቀት ይሰጣል፣ ያ ግን የመንግሥት ፈቃድ አይደለም። የእኔን ኮች ያመንኩት ስለ እንቅልፌ ሳነሳ «ይሄ የእኔ ሙያ አይደለም፣ ቴራፒስትህ ጋር ውሰደው» ሲለኝ ነው።

ዋናው ነገር ከባለሙያው ጋር መግባባት ነው። የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤድዋርድ ቦርዲን በ1979 በሦስት ነገር አስቀምጦታል፦ በግቡ መስማማት፣ በሚሠራው ሥራ መስማማት፣ እና በመሀል ያለው መተማመን። ሦስቱም በስክሪን ይገኛሉ። በእኔ ሁኔታ ግን መተማመኑ ክፍሉ ውስጥ ተሠርቶ ስላለቀ ነው ቪዲዮው የሠራልኝ። መጀመሪያውኑ በስክሪን ብንተዋወቅ እግሬን ማን ያይልኝ ነበር?

ስለዚህ ሁለቱንም የሚሰጥ ባለሙያ ፈልጉ። በመጀመሪያው ቀን «መሀል ላይ መቀያየር ይቻላል? የምናወራው ይቀረጻል? ማስታወሻዎ የት ይቀመጣል?» ብላችሁ ጠይቁ። ጊዜ ወስዶ ካስረዳችሁ ቀጥሉ። ጥያቄው ካስከፋው ሌላ ባለሙያ ፈልጉ።