የቪትዝ ቸርኬና ጎማ በአዲስ አበባ፦ አንድ ሻጭ፣ ሁለት ጎሚስታ፣ አንድ አላይመንት ቤት

ለእረፍት አገር ቤት ገብቶ የወንድሙን ወይም የእናቱን ቪትዝ በአሉሚኒየም ቸርኬ ማሳመር የሚፈልግ ሰው ብዙ ነው። በዚህ ክረምት አዲስ አበባ ውስጥ ለዚሁ ሥራ የተጠቀምኩባቸውን አራት ቤቶች እዚህ እገመግማለሁ። መኪናው የመጀመሪያው ትውልድ ቪትዝ ነው፤ ጎማው 175/65አር14፣ ቸርኬው 5.5ጄ ኢቲ 45። ጄ የቸርኬው ስፋት በኢንች ነው፤ ኢቲ ደግሞ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከስፋቱ መሃል ወደ ውጭ ስንት ሚሊ እንደራቀ ይናገራል። የተፈለገው 15 ኢንች ቸርኬና የሚስማማው ጎማ ነው።

ሶማሌ ተራ ያለው ሻጭ ዕቃው ሙሉ ነው፣ አቀባበሉም ጥሩ ነው፤ ምክሩ ግን አይታመንም። ለሁሉም ጥያቄ መልሱ «ይገጥማል» ነበር። መግጠሙስ ይገጥማል፤ ቪትዝ አራት ቡሎን አለው፣ የቡሎኖቹ ክብ 100 ሚሊ ሜትር ነው፣ የቀረበውም ቸርኬ 4×100 ነው። አራቱ ቀዳዳ ስለገባ ብቻ ግን ቸርኬው ለመኪናው ይሆናል ማለት አይቻልም። ጀርባው ላይ 15×7ጄ ኢቲ 35 ተቀርጿል። ከ5.5 ወደ 7 ሲኬድ ስፋቱ በ38 ሚሊ ይጨምራል፤ 19 ወደ ውጭ፣ 19 ወደ ውስጥ። ኢቲው ከ45 ወደ 35 ሲወርድ ደግሞ ጠቅላላው 10 ሚሊ ወደ ውጭ ይገፋል። ሲደመር ቸርኬው 29 ሚሊ ወደ ውጭ ይወጣል፣ 9 ሚሊ ወደ ውስጥ ይጠጋል። ከኋላ ሦስት ሰው ተቀምጦ የፍጥነት ጉብታ ላይ ሲወርድ የፓራፋንጎው (ጎማውን ከላይ የሚከልለው ቆርቆሮ) ጠርዝ ጎማውን ይልጠዋል። የፊት ኩሽኔታም ክብደቱን ካልታሰበለት ርቀት ስለሚሸከም ቶሎ ያልቃል።

ለዚያ ቸርኬ የመከረው ጎማ ደግሞ 195/60አር15 ነበር፤ «መኪናውን ከፍ ያደርገዋል» በሚል። ሒሳቡን ማንም በስልኩ ሊሠራው ይችላል። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው፤ ሁለተኛው የጎኑ ቁመት ከስፋቱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል፤ የመጨረሻው የቸርኬው ኢንች ነው። የፋብሪካው ጎማ ጎኑ 175 ሲባዛ በ0.65፣ ወደ 114 ሚሊ ነው፤ የላይና የታች ሁለቱ ጎን 227.5 ይሆናሉ። 14 ኢንች በ25.4 ሲባዛ 355.6። ድምሩ 583.1 ሚሊ ሜትር፣ የጎማው ሙሉ ቁመት ነው። 195/60አር15 በዚሁ ስሌት 615 ይሆናል፣ 5.5 በመቶ ይረዝማል ማለት ነው። ዳሽቦርዱ 100 ሲል መኪናው በእውነት ከ105 በላይ እየሄደ ነው። የባሰው ግን ጉልበቱ ላይ ነው፤ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነ ከተማ አየሩ ስስ ስለሆነ 1,000 ሲሲ ሞተር ቀድሞውኑ ይደክማል፣ ትልቅ ጎማ ሲጨመርበት ሽቅብ በሁለተኛ ማርሽ ያለቅሳል።

እኔ ከ3 በመቶ ልዩነት በላይ አልቀበልም። በ15 ኢንች ትክክለኛው 185/55አር15 ነው፤ ቁመቱ 584.5፣ ከፋብሪካው የሚለየው በ1.4 ሚሊ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ቪትዝ አር.ኤስ. ከቶዮታ የወጣውም በዚሁ ልክ ነው። 195/50አር15 ቁመቱ 576 ስለሆነ በሒሳብ ያልፋል፣ ግን ጎኑ 97.5 ሚሊ ብቻ ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ የሸፈነው ጉድጓድ ውስጥ ሲወድቅ ቸርኬው ይጣመማል ወይም የጎማው ክር ተበጥሶ ጎኑ እንደ እንቁላል ያብጣል። 195/45አር16 ቁመቱ ይስማማል፣ ጎኑ ግን 88 ሚሊ ነው። ለዚህ ከተማ መንገድ አልመክረውም። ጎማው ከቸርኬው ስፋትም ጋር መጣጣም አለበት፦ 185/55አር15 ከ5 እስከ 6.5ጄ ይቀበላል፣ 6ጄ ላይ በደንብ ይቀመጣል። ሻጩ ባቀረበው 7ጄ ላይ ቢጫን ጎኑ ተወጥሮ የቸርኬው ጠርዝ መከላከያ ያጣል።

ጎማ ስትገዙ ከልኩ ቀጥሎ ያለውን ቁጥርም አንብቡ። 82 ማለት አንዱ ጎማ 475 ኪሎ ይሸከማል፤ ከፋብሪካው ቁጥር በታች አትውረዱ። ጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው መስመር መጨረሻ ያሉት አራት አኃዞች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 2324 ማለት እ.ኤ.አ. የ2024 23ኛ ሳምንት ነው። ደጅ ፀሐይ ላይ ተደርድሮ የከረመ «አዲስ» ጎማ ጎኑ በእጅ ሲታጠፍ ቀጫጭን ስንጥቅ ያሳያል። እሱን ተዉት።

የመጀመሪያው ጎሚስታ የተሰጠው ሥራ የነበረውን ጎማ ቀዳዳ መድፈን ነበር፤ ከመድፈን ይልቅ ከመነዳሪ ይግባበት አለ። ያለ ከመነዳሪ እንዲሠራ የተመረተ ጎማ ውስጡ ሸካራ ስለሆነ ከመነዳሪውን እየፋቀ ያሞቀዋል፤ ሲፈነዳም ነፋሱ በአንዴ ይወጣል። ዳዶዎቹን በአየር በሚሠራው መፍቻ እስኪጮህ አጠበቀ፣ ነፋሱንም ሳይጠይቅ 40 ሞላ። በሹፌሩ በር ምሶሶ ላይ ያለው ተለጣፊ 32 ፒ.ኤስ.አይ ይላል።

ሁለተኛው ጎሚስታ ሌላ ሰው ነው። ያቀረበው ቸርኬ ያገለገለ ነው፣ ቀለም ተቀብቶ ጽሑፉ ጠፍቷል። ፊቱን ወደ ታች አድርጎ ካርቶን ላይ ደፋው፣ ጀርባው ላይ ቀጥ ያለ ብረት አጋደመ፣ ከብረቱ እስከ ሞዞው (ቸርኬው የሚታሰርበት የመኪናው የመሃል ክፍል) መቀመጫ ለካ፦ 12.7 ሣንቲ ሜትር። ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 17.8 ሆነ፣ ግማሹ 8.9። ከ12.7 ላይ 8.9 ሲነሳ 3.8 ይቀራል፤ በጠመኔ ጎማው ላይ «38» ብሎ ጻፈ። የቸርኬው ስፋት የሚቆጠረው ጎማው ከሚያርፍበት ከውስጥ ስለሆነ ከ17.8 አንድ ኢንች ያህል ቀንሶ 6ጄ መሆኑንም ተናገረ። 6ጄ ኢቲ 38 ወደ ውጭ 13 ሚሊ ብቻ ይወጣል፣ በውስጥ በኩል የሚነካው ነገር የለም። ዋጋ የተነጋገረው ከዚህ በኋላ ነው።

የቸርኬው የመሃል ቀዳዳ 73.1 ሚሊ ነው፣ የቪትዝ ሞዞ ግን 54.1። ክፍተቱን የሚሞላ የፕላስቲክ ቀለበት ካልገባ ቸርኬው መሃሉን ስቶ ይቀመጣል፤ ያኔ ባላንስ አሥር ጊዜ ቢሠራም በ80 እና በ100 መሃል መሪው ይንቀጠቀጣል። ቀለበቱን ከመሳቢያው አወጣ። ዳዶውንም ለወጠ፤ ይህ ቸርኬ ሾጣጣ መቀመጫ ያለው 12×1.5 ዳዶ ነው የሚፈልገው፣ ጠፍጣፋ ዋሸር ያለው የቶዮታ ዳዶ አይዝለትም። በእጅ አስጀምሮ፣ በመስቀል ቅርጽ እያፈራረቀ፣ መጨረሻውን በቶርክ መፍቻ 103 ኒውተን ሜትር ላይ ዘጋ። ከዚያ ክሪኩን አውርዶ መሪውን በሁለቱም በኩል እስከ መጨረሻው አዞረ፣ እጁን በጎማውና በፓራፋንጎው መሃል አስገብቶ አየ። ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላ ዳዶ ለማስጠበቅ ተመለሱ ብሎናል፣ ለዚያም አላስከፈለም። ከአዳማ መልስ በፈጣን መንገድ በ100 ስንመጣ መሪው ጸጥ ብሏል።

አላይመንት ቤቱ ማሽኑ ጥሩ ነው፣ በፊትና በኋላ ያለውን ልኬት በወረቀት ሰጥቷል። አንድ ነገር ብቻ፦ «የአራት ጎማ» ሒሳብ ጠይቋል። የቪትዝ የኋላ እግር አንድ ወጥ ብረት ስለሆነ በመፍቻ የሚስተካከል ነገር የለውም፤ የሚስተካከለው የፊቱ የጎማ አቅጣጫ ነው። የፊቱን ብቻ ክፈሉ።

እስኮርታው ባለ 14 ኢንቹ ሆኖ ይቆይ፤ ቁመቱ ከአዲሱ ጋር እኩል ስለሆነ ያለ ችግር ይገባል። ጎማ ቢፈነዳ የብረት ቸርኬውን የሚይዙት የድሮዎቹ አራት ዳዶዎች በከረጢት ታስረው ከክሪኩ ጋር ይቀመጡ።