ሙዳዬን እንቁላል ያደረገው ቺንጋ

ዘጠኝ ወር ሙሉ ስለ ቺንጋ አስቤ አላውቅም ነበር። ሐረር፣ ጀጎል አጠገብ ባለችው ሱቄ ከኮምፔንሳቶ ሙዳይ እሠራለሁ፤ ክዳኑ ላይ የአለላ ጥለት እቀርጻለሁ። የሌዘር ማሽኔን ጭንቅላት ግራና ቀኝ የሚጎትተው ቀጭን ጥርሳም ቺንጋ ነው። ይጎትት ነበር፤ ሌላ የምለው የለኝም።

ጠርዙ የተተለተለው በእኔ ጥፋት ነው፤ ቺንጋው የሚዞርበትን ጥርሳም መንኮራኩር፣ ፑሌጃውን፣ አጣምሜ አስሬው ጎኑን ሲፍቀው ከረመ። ምትክ ፍለጋ ገበያ ወጣሁ። ሻጩ የአሮጌውን ቁራጭ ከአዲሱ አጠገብ ይዞ «ጋሼ፣ ያው ነው፤ ጥርሱ አይታይዎትም?» አለኝ። ታየኝ፤ ገዛሁ። ከዚያ እንደ ነጠላ አራት ቦታ አጥፎ በላስቲክ አሰረልኝ። ቺንጋው እንዳይለጠጥ የሚይዘው ውስጡ ያለው የመስታወት ክር ነው፤ እንዲህ ሲታጠፍ ይሰበራል። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ።

በማግስቱ የመጀመሪያው ክዳን አልገጥም አለ። ያዘዝኩት 100 ሚሊሜትር ክብ ነው። በካሊፐር ስለካው ቁመቱ 100፣ ወርዱ ግን ከ101 ተኩል አለፈ። እንቁላል! ቺንጋውን እንደ ክራር ጅማት ወጠርኩት፤ እንቁላል። የፑሌጃውን ብሎን አጠበቅሁ፤ አሁንም እንቁላል። አሥራ አንድ ክዳን ከጣልኩ በኋላ ነው ሁለቱን ቺንጋዎች ጎን ለጎን ዘርግቼ ጥርስ መቁጠር ትዝ ያለኝ። 50 ጥርስ በአሮጌው 100 ሚሊሜትር፣ በአዲሱ 101.6። የእኔ ጂቲ 2 የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከጥርስ እስከ ጥርስ 2 ሚሊሜትር። የተሸጠልኝ ኤምኤክስኤል የሚባለው፣ 2.032 ነው። በዓይን አይለይም፤ ሞተሩ ግን በአንድ ዙር 20 ጥርስ ይጎትታል፣ ትርፉም ይጠራቀማል።

ወንድሜ ሻጭ፣ ጥርስማ የሐረር ጅብም አለው!

አንድ የሰፈር ልጅ «በኮምፒውተሩ ያስተካክሉት፤ ሞተሩ ለአንድ ሚሊሜትር የሚራመደውን እርምጃ፣ 80 የሚለውን 78.74 ያድርጉት» አለኝ። አደረግሁ፤ ልኩ መጣ። የክዳኑ ጠርዝ ግን ሞገድ ሠራ። የኤምኤክስኤል ጥርስ ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ የፑሌጃዬ ጎድጓዳ ደግሞ ክብ። አልተቃቀፉም፤ ጭንቅላቱ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ይወላገዳል።

«በቺንጋ ፋንታ ጠመዝማዛ ዘንግ ያለውን ብትገዛ ኖሮ» የሚሉኝ አልጠፉም። አልጸጸትም። ቺንጋ ቀላልና ፈጣን ነው፤ ዘይት ስለማይቀባም የእንጨቱ ጥቀርሻ አይለጠፍበትም። ደግሞስ ጥርሳም ቺንጋ በፈረንጆች 1940ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተፈጠረው ለልብስ ስፌት መኪና አይደል? መርፌውና የታችኛው ክር እንዳይተላለፉ ተብሎ። ይህንን ታሪክ የልብስ ሰፊዎች መንገድ በሆነው በሐረሩ «መኪና ግርግር» ለሚሠራ ልብስ ሰፊ ወዳጄ ስነግረው በእግሩ የሚረግጣትን አሮጌ መኪና እያየ «የእኔ በጠፍር ነው የምትዞረው፤ እንቁላል ሰፍታ ግን አታውቅም» አለኝ።

ትክክለኛው ቺንጋ ከአዲስ አበባ በዘመድ እጅ መጣ። ተጠቅልሎ እንጂ ታጥፎ አልነበረም፤ ያም ሆኖ 50 ጥርስ ቆጥሬ ነው የተቀበልኩት። ክዳኑ ገጠመ። ኤምኤክስኤሉን ልብስ ሰፊው የጣቃ ማሰሪያ አድርጎ ወሰደው።