የቢዝነስ ዲግሪ ለመማር ወደ አሜሪካ ለምትመጡ፦ አንድ ምስጋናና አንድ ጥቆማ

ይህን የምጽፈው በተማርኩበት የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ፣ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ውስጥ ለሚሠሩ አንዲት አማካሪ ነው። ስማቸውን በአደባባይ እንዳልጠራ ስለጠየቁኝ አልጠራም። ግን ዛሬ በተማርኩት ሙያ እየሠራሁ ያለሁት በእሳቸው ምክንያት ነው። እግዜር ይስጥልኝ!

ገና አዲስ አበባ እያለሁ ሁለት ፕሮግራም ተቀብሎኝ ነበር፤ አንዱ የተለመደው ኤምቢኤ፣ ሌላው የቢዝነስ አናሊቲክስ ማስተርስ። ቤተሰቡም ጓደኛውም "ኤምቢኤ ይሻላል፣ ስሙ ይታወቃል" ነበር የሚለኝ። ለእኚህ አማካሪ ኢሜይል ጻፍኩላቸው። ገና ተማሪያቸው አልነበርኩም፣ ዲፖዚትም አልከፈልኩም፣ ግን በዝርዝር መለሱልኝ። ይሄኛው ይሻልሃል አላሉኝም። የሁለቱንም ፕሮግራሞች ሲአይፒ ኮድ እንድጠይቅ ነገሩኝና ምክንያቱን አስረዱኝ።

ሲአይፒ ኮድ በአሜሪካ እያንዳንዱ የትምህርት ዘርፍ የሚመደብበት ቁጥር ነው። አይ-20 በሚባለው፣ ትምህርት ቤቱ ለውጭ ተማሪ ለቪዛ በሚሰጠው ሰነድ ላይ ከትምህርቱ ስም ጋር ይጻፋል። የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ደግሞ ስቴም (ሳይንስ፣ ቴክኖሎጂ፣ ኢንጂነሪንግና ሒሳብ) ብሎ የሚቀበላቸው ኮዶች ዝርዝር አለው። ተራው ቢዝነስ አድሚኒስትሬሽን፣ 52.0201፣ እዚያ ውስጥ የለም። ማኔጅመንት ሳይንስ (52.1301) እና ቢዝነስ ስታቲስቲክስ (52.1302) አሉ። ቢዝነስ አናሊቲክስ በራሱ ኮድ፣ በ30.7102፣ የተጨመረው በፈረንጆቹ ጥር 2022 ነው። ስለዚህ ሁለት ትምህርት ቤቶች ሁለቱም "ኤምቢኤ" ብለው እያስተማሩ የአንዱ ተማሪ ስቴም፣ የሌላው ተማሪ ስቴም ያልሆነ ሊሆን ይችላል። የፕሮግራሙ ስም ብቻ አይነግራችሁም፣ ቁጥሩን ነው ማየት ያለባችሁ።

ልዩነቱ ምንድነው ካላችሁ፣ ጊዜ ነው። በኤፍ-1፣ ማለትም በተማሪ ቪዛ የተማረ ሰው ሲመረቅ ኦፒቲ በሚባለው ፈቃድ 12 ወር መሥራት ይችላል። ዲግሪው ስቴም ከሆነ ሌላ 24 ወር ይጨመርለታል፣ በድምሩ 36 ወር። ከዚያ በኋላ ለመቆየት ብዙዎቻችን የምንሞክረው ኤች-1ቢ የሚባለው፣ በቀጣሪ በኩል የሚገኘው የሥራ ቪዛ በዓመት 65 ሺህ ነው፣ አሜሪካ ማስተርስ ለሠሩ ደግሞ ተጨማሪ 20 ሺህ አለ፤ የሚመዘገበው ሰው ከዚያ ስለሚበልጥ ከተመዘገቡት ውስጥ የሚመረጡት የተወሰኑት ናቸው፣ ምዝገባውም በዓመት አንዴ፣ በማርች ነው። 12 ወር ብቻ ያለው ሰው አንዴ ሞክሮ ካልደረሰው ሻንጣውን ማሰብ ይጀምራል። ሦስት ዓመት ያለው ግን እየሠራ፣ ልምድ እያካበተ ደጋግሞ ይሞክራል። ቀጣሪውም ቢሆን አሠልጥኖህ በዓመቱ ከምትሄድበት ሦስት ዓመት አብረኸው ብትሠራ ይመርጣል፣ እኔ ቃለ መጠይቅ ላይ ይሄን በግልጽ ተጠይቄያለሁ።

አማካሪዋን የምወዳቸው ግን ከቪዛ አልፈው ስለሄዱ ነው። ስቴም የሚለው ምልክት ብቻውን ሥራ አያስገኝም ብለው በግልጽ ነገሩኝ። ስታቲስቲክስ፣ ኤስኪውኤል (የዳታቤዝ ቋንቋ)፣ ትንበያ፣ የመሳሰሉትን ኮርሶች ፈርተህ አትዝለላቸው አሉኝ። ነገሩ የገባኝ በኋላ ነው፤ ማራዘሚያውን ለማግኘት አይ-983 በሚባለው የሥልጠና ዕቅድ ላይ ሥራው ከዲግሪው ጋር በቀጥታ እንደሚገናኝ ማሳየት ያስፈልጋል። የእኔን ዕቅድ መስመር በመስመር አንብበው "እዚህ ጋ ግልጽ አይደለም" እያሉ አስተካክለውልኛል። ቀጣሪው ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው፣ የሠራተኛን የሥራ ፈቃድ በሚያጣራው የመንግሥት ሥርዓት ውስጥ የተመዘገበ መሆን እንዳለበት፣ ሥራው በሳምንት ቢያንስ 20 ሰዓት መሆን እንዳለበት፣ ያለ ሥራ የምንቆይባቸው ቀናት በጠቅላላው ከ150 ማለፍ እንደሌለባቸው፣ ማመልከቻውም ኦፒቲው ከማለቁ በፊት ባሉት 90 ቀናት ውስጥ መግባት እንዳለበት ያስታወሱኝ እሳቸው ናቸው። ሥራቸው ነው ትሉ ይሆናል። እንዲህ ከልቡ የሚሠራው ግን ስንቱ ነው?

አገር ቤት ኢንጂነሪንግ የተማራችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። የድሮው ዲግሪዬ ስቴም ስለሆነ ማራዘሚያው ይሰጠኛል ብላችሁ እንዳትተማመኑ፤ የሚቆጠረው ከአሜሪካ ትምህርት ቤት የተገኘ ዲግሪ ብቻ ነው። ዲቪ ደርሷችሁ ወይም በሌላ መንገድ ግሪን ካርድ ይዛችሁ ለምትማሩ ደግሞ ይህ የኦፒቲ ጉዳይ አይመለከታችሁም። በኮርሱና በዋጋው ምረጡ፣ ስቴም ተብሎ ለተጻፈበት ብቻ ብላችሁ ብዙ ሺህ ዶላር አትጨምሩ።

ጥቆማዬ ይሄ ነው። አይ-20 የሚሰጥ ማንኛውም ትምህርት ቤት እንደ እሳቸው ያለ አማካሪ አለው፣ ዲኤስኦ ይባላሉ። ዲፖዚት ከመክፈላችሁ በፊት ጻፉላቸው፣ ኮዱን በጽሁፍ እንዲነግሯችሁ ጠይቁ። ምክራቸው በነጻ ነው፣ ለደላላ ብር የምትከፍሉበት ምክንያት የለም። የኢሚግሬሽን ደንብ ስለሚለዋወጥም የእኔን ጽሁፍ ብቻ ይዛችሁ አትወስኑ፣ በምታመለክቱበት ጊዜ ያለውን ከእነሱ አረጋግጡ። የእኔን አማካሪ ትምህርት ቤት ማወቅ የሚፈልግ ደግሞ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ አገናኘዋለሁ። ይሄን ደግሞ አስፈቅጃቸዋለሁ።