ከሐሙስ ገበያ ፈረስ ለምትገዙ፦ ትንፋሹን ሳትቆጥሩ ገንዘብ አትክፈሉ

ይህን ማስጠንቀቂያ የምጽፈው በጅማ ከተማና በዙሪያዋ፣ በሰቃ፣ በማና፣ በቀርሳና በዴዶ ለምትኖሩና ለጋሪም ሆነ ለጭነት ፈረስ ለመግዛት ላሰባችሁ ወገኖቼ ነው። ባለፈው ታኅሣሥ ከቡና ሽያጭ ባገኘሁት ገንዘብ አንድ ዳማ ፈረስ በ42,000 ብር ገዛሁ። ሻጩ የፈረሱ ዕድሜ 8 ዓመት እንደሆነና አንድም ቀን ታሞ እንደማያውቅ በደላላው ፊት ምሎ ነገረኝ፤ ሁለቱም ሐሰት ሆነው ተገኙ። ንጉሡ እንኳ አባ ጅፋር ተብሎ በፈረስ ስም በሚጠራበት አገር የፈረስ ንግድ እዚህ ደረጃ መድረሱ ያሳዝናል። እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ግን፣ ጥቂት ደቂቃ ታግሼ ብመለከት ኖሮ ማታለያው እዚያው ገበያው ላይ ይገለጥልኝ የነበረ መሆኑ ነው።

በገበያው ዕለት ፈረሱ ጸጉሩ የሚያብረቀርቅ፣ ረጋ ብሎ የቆመ እንስሳ ነበር። ሻጩ በውሃ የራሰ ፉርሽካ በከረጢት ይዞ እየቆነጠረ ያበላው ነበር፤ ደረቅ ገለባ በአካባቢው አልነበረም። «እስቲ በሶምሶማ አስኪደው» ስለው «ከሩቅ ስለመጣ ደክሟል፤ ቤትህ ወስደህ አሳርፈው» አለኝ፤ እኔም ይሉኝታ ይዞኝ አላስገደድኩትም። በዚህ መካከል ፈረሱ አንድ ጊዜ ሲስል፣ ማንም ሳይጠይቀው ደላላው ቀደም ብሎ «ሌሊት ሜዳ ላይ አድሮ ብርድ መትቶት ነው» አለ። ያልተጠየቀውን መመለሱ ሊያነቃኝ ይገባ ነበር።

ቤት ከገባ በኋላ አራት ቀን ደህና ሰነበተ። በአምስተኛው ቀን፣ ካለፈው ክረምት ጀምሮ በጎተራ ተከምሮ የቆየውን የጤፍ ገለባ እየበላ ሳለ ሳሉ ተነሣበት። በሳምንቱ ቆሞ እያለ እንኳ የአፍንጫው ቀዳዳዎች እንደ መለከት አፍ ይከፈቱ፣ ሽንጡም አየር ሲያስወጣ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ጊዜ ይጨመቅ ጀመር። ፈረስ እንደ ሰው በአፉ ተንፍሶ ራሱን ማሳረፍ አይችልም፤ የሚተነፍሰው በአፍንጫው ብቻ ስለሆነ ጭንቀቱ ለሚያየው ሰው ይከብዳል። ባዶ ጋሪ ጠምጄበት ትንሽ አቀበት እንደወጣ ቆመ፤ ወደ ፊትም አልሄድ አለ።

የመጣው የእንስሳት ሐኪም ሙቀቱን ለካ፣ ጎድኑ ላይ ማዳመጫ አድርጎ ብዙ አዳመጠና በሽታው ብዙ ጊዜ ከ7 ዓመት በላይ በሆናቸው ፈረሶች ላይ የሚታይ የፈረስ አስም እንደሆነ ነገረኝ። በእርጥበት ከሻገተ ገለባና ድርቆሽ የሚነሣው ብናኝ በሳንባ ውስጥ ያሉትን የአየር መተላለፊያዎች ያስቆጣል፤ መተላለፊያዎቹም ይጠባሉ፣ በአክታም ይሞላሉ። አየር ወደ ውስጥ ለመግባት ብዙም ሳይቸገር ለመውጣት ስለሚያስቸግረው፣ እንስሳው በሆዱ ጡንቻ እየገፋ ያስወጣዋል። ከዚህም የተነሣ ከጎድኑ ሥር ከሽንጡ ወደ ክርኑ የሚወርድ እንደ ሸንተረር ያለ መስመር ይወጣበታል። እኔ ይህን መስመር ገበያ ላይ አይቼው «ጠንካራ ጡንቻ ነው» ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። በሽታው ትኩሳት የለውም፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ አይተላለፍም፣ የምግብ ፍላጎትንም ብዙውን ጊዜ አይቀንስም። ለሽያጭ የተመቸውም ስለዚህ ነው፤ ፈረሱ ሜዳ ላይ እርጥብ ሣር እየጋጠ ሲቆይ ጤነኛ ይመስላል፣ በረት ገብቶ ደረቅ መኖ ሲቀርብለት ይጋለጣል። የጅማ ዝናብ ረጅም፣ አየሯም እርጥብ በመሆኑ ሳይሻግት የሚከርም ገለባ ማግኘት ደግሞ ቀላል አይደለም።

ሐኪሙ በአንገቱ ላይ የደረቀች ትንሽ የመርፌ እብጠትም አሳየኝ። እንደ ዴክሳሜታሶን ያለ መድኃኒት የተወጋ አስመኛ ፈረስ ሳሉና ማለክለኩ ለጥቂት ቀናት እንደሚጠፋለት፣ የመድኃኒቱ ኃይል ሲያልቅ ግን ሁሉም እንደሚመለስ ገለጸልኝ። ፈረሱ ይህን መወጋቱን የሚያረጋግጥ ማስረጃ በእጄ ስለሌለ ሻጩን በዚህ አልከስም፤ አራት ቀን ደህና መሰንበቱን ግን አንባቢ ይመዝነው።

እንግዲህ ገዢ ምን ማድረግ ይችላል? ከሁሉ በፊት እንስሳው አርፎ ቆሞ ሳለ ሽንጡን እያያችሁ፣ ሰዓት ይዛችሁ አንድ ሙሉ ደቂቃ ትንፋሹን ቁጠሩ። ጤነኛ ትልቅ ፈረስ በዕረፍት ላይ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ሽንጡም የሚንቀሳቀሰው ልብ ብለው ካላዩት በማይታወቅ መጠን ነው። በጥላ ሥር አርፎ ከ20 በላይ የሚተነፍስ፣ አየር ሲያስወጣ ሁለት ጊዜ የሚገፋ ወይም ቆሞ አፍንጫው የሚከፈት ከሆነ ዋጋ መጠየቅም አያስፈልግም። ይህን ካለፈ አሥር ደቂቃ በሶምሶማ አስኪዱትና እንደገና ቁጠሩ፤ ጤነኛ ከሆነ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ወደ ቀድሞው ይመለሳል። ድካምን ምክንያት አድርጎ ማስሮጥ የሚከለክል ሻጭ ካጋጠማችሁ ፈረሱን አርፎ በሌላ ቀን ለማየት ጠይቁ። ከዚያም የራሳችሁን ደረቅ ገለባ ይዛችሁ ሂዱና ከፊቱ አራግፉለት። ከተቻለ ደግሞ፣ እኔ ያላደረግኩት ትልቁ ነገር ይህ ነው፣ ሳምንት ቆይታችሁ ሳትነግሩት ወደ ሻጩ ቤት በመሄድ ፈረሱን በገዛ ጋጣው ውስጥ ተመልከቱት፤ መርፌ ተወግቶም ከሆነ በሳምንት ውስጥ ኃይሉ ይደክማል።

ዕድሜን በተመለከተ ጥርስ ይታይ። በታችኛው የፊት ጥርሶች ላይ ያሉት ጉድጓዶች ከመካከለኛዎቹ ጀምሮ በ6፣ በ7 እና በ8 ዓመት ገደማ በየተራ እየደፈኑ ይሄዳሉ። በላይኛው የዳር የፊት ጥርስ ላይ ደግሞ በ10 ዓመት ገደማ ከድዱ ሥር አንድ ጠቆር ያለ ቦይ ብቅ ይላል፤ በ15 ዓመት እስከ ጥርሱ አጋማሽ፣ በ20 እስከ ጫፉ ይወርዳል። የእኔው «ባለ 8 ዓመት» ቦዩ ከአጋማሹ አልፎ ነበር። ያረጀ ጥርስን ቆፍሮ በጋለ ብረት ማጥቆር በፈረስ ንግድ የቆየ ተንኮል ስለሆነ፣ ከጉድጓዶቹ ይልቅ በቦዩና ከጎን ሲታይ ጥርሶቹ ወደ ፊት በማዘንበላቸው ላይ ተማመኑ፤ ይህም ቢሆን ግምት እንጂ የልደት ምስክር ወረቀት አይደለም።

የሚስል ሁሉ አስመኛ ነው ማለቴ አይደለም። ትኩሳት፣ መግል የመሰለ ንፍጥና ከመንጋጋው ሥር እብጠት ካለ ተላላፊ በሽታ ሊሆን ስለሚችል እንዲህ ያለውን እንስሳ ወደ ግቢያችሁ አታስገቡ። ከአህያ ጋር የሚውል ፈረስ ደግሞ አህያዋ ሳትስል ከምትሸከመው የሳንባ ትል ሊይዘው ይችላል፤ እኔም አህያ ስላለኝ ሐኪሙ መጀመሪያ የትል መድኃኒት ሰጥቶ ሞክሮ ነበር፤ ለውጥ አላመጣም።

ስለ ውል አጭር ነገር ልጨምር። እኔ የገዛሁት በቃል ብቻ በመሆኑ ሻጩ «ስሰጥህ ጤነኛ ነበር» ሲለኝ የምመልሰው አጣሁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ነገር ጉድለት ኃላፊ እንደሚሆን ይደነግጋል፤ ገዢውም ዕቃውን በቶሎ መርምሮ ያገኘውን ጉድለት ለሻጩ ማሳወቅ ይጠበቅበታል። ስለዚህ ዕድሜው፣ ሳል የሌለበት መሆኑና በ15 ቀን ውስጥ ቢያለከልክ ገንዘቡ የሚመለስ መሆኑ በሁለት ምስክሮች ፊት በጽሑፍ ይስፈር። መፈረም የማይፈልግ ሻጭ መልሱን ሰጥቷችኋል።

እንደ እኔ አስቀድማችሁ የገዛችሁ ካላችሁ፣ በሽታው ባይድንም ሊያዝ ይችላል። ፈረሱ ቀንና ሌሊት ከቤት ውጭ ቢሆን ይሻለዋል፤ ገለባውን ከመስጠታችሁ በፊት በውሃ ንከሩት፤ የሚጠረገውን ጋጣ እርሱ በሌለበት ጥረጉ። መድኃኒቱን ሐኪም ይወስን። ፌጦም ሆነ ነጭ ሽንኩርት በውሃ አድርጋችሁ በአፍንጫው እንድታፈሱ የሚመክራችሁን አትስሙ፤ የፈሰሰው ወደ ሳንባ ገብቶ ከአስሙ የከፋ በሽታ ያመጣል። የእኔው አሁን ሜዳ ላይ ነው የሚውለው፣ ጋሪ አይጎትትም፣ ጤነኛ ነው ብዬም ለሌላ ሰው አልሸጠውም።

ባለፈው ሐሙስ ያንኑ ሻጭ አንድ ሻንቆ ፈረስ ይዞ አየሁት። ከረጢቱ በእጁ ነበር፣ ፉርሽካውም እንደ ቀድሞው የራሰ ነው። ጠጋ ብዬ «እስቲ በሶምሶማ አስኪደው» አልኩት። ፊቴን ረስቶት ነበርና «ከሩቅ ስለመጣ ደክሟል» አለኝ።